ኪኒን ሻጯ እኔ፣ ኢንስፔክተሩ ጋሽ ኃይሌ

ፊልም ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሠርቻለሁ። ያውም ዋናዋ ወንጀለኛ ሆኜ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም የማላልፍ ሴትዮ፣ ቦንጋ መሃል ኪኒን ቸርቻሪ ተብዬ የፊጥኝ ታስሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምናሴ የሚባል ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ አለን። በከተማው ውስጥ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ስጋ ደብቆ እንደወጣ፣ ሁሉም እሱ ካሜራ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማር፣ ኮረሪማና ጧፍ ከምሸጥባት ሱቄ መጣና ፊልም ልሠራ ነው አለኝ። ስለ ምን? ስለ ሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሱስ። ሐኪም ለሕመማቸው ያዘዘላቸውን ኪኒን፣ ሕመሙ ከለቀቃቸው በኋላም መተው ስላቃታቸው ሰዎች። የወንጀል ፊልም ነው፣ ግን አስተማሪ ነው አለኝ። አቤት ይህቺ «አስተማሪ» የምትባል ቃል። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሁሉ አስተማሪ ነው።

ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ? አልኩት። መደርደሪያዬን ከላይ እስከ ታች ቃኘው። ኪኒን ሻጯ ሱቅ ያስፈልጋታል፣ ሱቅ የምከራይበት አቅም የለኝም፣ ሱቁን በነጻ ከፈቀዱልኝ ግን ሻጯ እርስዎ ነዎት አለኝ። እንደ ሹመት ነው የነገረኝ። እኔም እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ልብ በሉ፣ ፊትሽ ለወንጀል ይሆናል ያለኝ የለም። ያስመረጠኝ መደርደሪያዬ ነው። ሌላውም እንደዚያው። ሞተር ሳይክል ያለው ልጅ አፍቃሪ ሆነ። ባለ ባጃጁ የወንበዴዎቹ ሾፌር ሆነ። ሶፋ ያላቸው ባልና ሚስት የሀብታም ቤተሰብ ሆኑ። ያለው ማማሩ ይባል የለ?

ኢንስፔክተሩን የመረጠው ደግሞ ካፖርት ነው። ጋሽ ኃይሌ ከሰልባጅ የገዟት ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት አለቻቸው፤ አንገቷ የቆመ፣ ቁልፎቿ የሚያብረቀርቁ። ጋሽ ኃይሌ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። በመንገድ ሲያልፉ ያያቸው ተማሪ ያልሠራውን ጥፋት ያምናል። ካቻምና ክረምት ቆርቆሮ ሊያስተካክሉ ጣሪያ ላይ ወጥተው ወድቀው ወገባቸው ተጎድቶ ነበር። ድነዋል። ቢያንስ እኛ ድነዋል ነበር የምንለው።

ቀረጻው ተጀመረ። ኪኒኑ ሚንት ከረሜላ ነበር። የከረሜላ ችግሩ ከረሜላ መሆኑ ነው። ወንጀለኛውም ፖሊሱም እየቆረጠመ፣ ጋሽ ኃይሌ ሱቄን በርብረው ከፍተኛ መጠን ያለው ኪኒን የሚይዙበት ቀን ሲደርስ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምናሴ አላመነታም፤ ነጭ ቦሎቄ ሞላበት። ካሜራው ራቅ ካለ ማን ያውቃል? ጎረቤቴ አወቀች። ፊልሙ ሲታይ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ለቦሎቄም ይታሰራል እንዴ ስትል ሰምቻታለሁ።

ማሳደዱንስ ልንገራችሁ? ባጃጁ እኔን ጭኖ ከፖሊስ ይሸሻል። ሾፌሩ ግን የእውነት ሾፌር ነው። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ እጇን ዘረጋች፣ ቆመላት። ኧረ ፖሊስ እየተከተለን ነው አልኩት። ምን ላድርግ እትዬ፣ መንገዳችን ነው አለኝ። ሴትዮዋ ዶሮዋን ታቅፋ አጠገቤ ተደላድላ ተቀመጠች። ምናሴም ቀረጻውን አልቆረጠውም፤ እንደገና ለመቅረጽ ቤንዚን ማን ይገዛል? ያቺ ሴትዮ እስከ ዛሬ ድረስ ፊልሙ ላይ የወንበዴው ቡድን አባል ናት። እሷ አታውቅም።

ኪኒኑን ጫካ ውስጥ ለምንደብቅበት ትዕይንት ደግሞ ማንኪራ ወረድን። ምናሴ ቀፎ ውስጥ ይደበቅ አለ። ባለቀፎውም ያ ዛፍ ላይ ያለው ባዶ ነው ብሎናል። ባዶነቱን ንቦቹ አልሰሙም። ወንጀለኛና ፖሊስ ባንድ አቅጣጫ ሮጥን። በፊልሙ ውስጥ የእውነት የሚመስለው ሩጫ እሱ ብቻ ነው። ያኔ ጋሽ ኃይሌ የቡናውን ቁጥቋጦ እየዘለሉ ሁላችንንም ቀደሙን። ወገብዎስ? አልኳቸው እያለከለክሁ። «ኢንስፔክተር ወገብ የለውም» አሉኝ። ሳቅን።

ትልቁ ትዕይንት መጨረሻው ነው። እኔ እንበረከካለሁ፣ እሳቸው ይፈርዱብኛል። የትውልዱን አከርካሪ የሰበርሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። ሲናገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በዚያ ብርድ ግንባራቸውን ላብ አጥለቅልቆታል። ምናሴ ካሜራው ኋላ ሆኖ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ትወና ማለት ይህ ነው እያለ ያዳንቃል። ሲጨርሱ፣ ትንሽ ልረፍ ብለው ወደ ጓሮዬ ዞር አሉ፤ ሲመለሱ እጃቸው ረግቷል። ሰው ሲደክመው ያርፋል። ምን ይጠየቃል?

ፊልሙ በአዳራሽ ታየ። ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት ኃላፊዎች አንዱ ተነስተው ንግግር አደረጉ። ይህ ችግር እኛ ጋ የለም፣ ወደፊትም እንዳይመጣ ግን አዌርነስ ያስፈልጋል አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለሌለ ነገር ያን ያህል ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ደንበኞቼ መምጣት ጀመሩ። የማር አይደለም የምላችሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ከቢታ ገነት በሚኒባስ የተነሳች ሴት ናት። ለአማቷ ጉልበት ኪኒን ፈልጋ ነው። እህቴ፣ እሱ እኮ ፊልም ነው አልኳት። ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ግን ሲሸጡ አይቼዎታለሁ አለችኝ። ምን ትመልሱላታላችሁ? ከሷ በኋላ የመጡት ሹክ ባዮች ናቸው። ይገባሉ፣ ማሩን በጣታቸው ይቀምሳሉ፣ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ይቆያሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከፊት ረድፍ ሆኖ ያጨበጨበም ነበረበት። ስም አልጠራም፤ ሰላምታ እንፈላለጋለን። እኛ ጋ የለም የተባለው ችግር በእግሩ እየሄደ ሱቄ ይገባ ጀመር። እኔ እስቃለሁ። ለጎረቤቴ እያስመሰልኩ እነግራታለሁ፤ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ሳቄን የነጠቁኝ ጋሽ ኃይሌ ናቸው።

ገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት። ዝናቡ ሰዉን በትኖታል። ካፖርታቸው በስብሶ ገቡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ባንኮኒውን ይዘው ቆሙ።

«አስካለ፣ አንቺ ዘንድ የለም አይደል?»

«ምኑ፣ ጋሽ ኃይሌ?»

«ያ ነገር።»

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። «ኢንስፔክተር፣ ቦሎቄ ብቻ ነው የቀረኝ» አልኳቸው።

አልሳቁም። ያኔ እጃቸውን አየሁት። ባንኮኒው ላይ ያለው የማር ብርጭቆ ከእጃቸው ጋር ይንቀጠቀጣል። ግንባራቸው ላይ ያ የፊልሙ ላብ አለ። ካሜራ ግን የለም።

በርጩማ አምጥቼ በግድ አስቀመጥኳቸው።

«ለወገቤ ነበር ያዘዙልኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ወገቤ ዳነ። እኔ ቀረሁ።»

ወረቀቱ ካበቃ በኋላ አንድ የመድኃኒት ሻጭ ያለ ወረቀት እየሸጠላቸው ኖሯል። ይህ ሰው ታዲያ ፊልማችንን አየ። ደነገጠ። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዲት ፍሬ አልሸጥም፣ እኔም ልጆች አሉኝ አላቸው። ተመልከቱ እንግዲህ። ፊልማችን አስተምሯል። በዚህ ሁሉ ከተማ አንድ ሰው አስተማረና በሩን የዘጋው በራሱ ኢንስፔክተር ላይ ሆነ።

«የኔ ኪኒን እኮ ከረሜላ መሆኑን ያውቃሉ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። በልቼዋለሁ» አሉ። «ግን ሰው ሲጨንቀው ምናልባት ይላል።»

መቆጣት አምሮኝ ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያ ሁሉ ተግሣጽ፣ ያ ሁሉ አከርካሪ፣ እኔን አንበርክከው። ግን ያን የሚያህል ሰው፣ ከተማው ሁሉ ሲያልፉ እጁን ከኪሱ የሚያወጣላቸው ሰው፣ በኔ በርጩማ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ሲቀመጡ ሳይ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ሱቁን ቆለፍኩ። ሆስፒታል እንሄዳለን አልኳቸው።

«ሰው ያየኛል፣ አስካለ።»

«ያየናል» አልኳቸው።

ሄድን። ተራ መጠበቂያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም ፊልሙን አይቷል። ገና ስንገባ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት፣ «ኢንስፔክተር፣ ያዟት እንዴ?» አለች። ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ኃይሌ ወደ በሩ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ተመልሰው ሊወጡ እንደሆነ ገባኝ። ዛሬ ከወጡ ደግሞ ዳግም እንደማይመጡ አወቅሁ።

«አዎ፣ ያዙኝ» አልኩ። «ከምትታሰር ትታከም ብለው አመጡኝ።»

ከአፌ አመለጠኝ ልበላችሁ? አላመለጠኝም። እያወቅሁ ነው ያልኩት። ጋሽ ኃይሌ አዩኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን ቆለፉና አጠገቤ ተቀመጡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስትሰማቸው ቅንድቧም አልተነሳ። በአንድ ጊዜ አይቋረጥም አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን፣ ብቻዎን ግን አይሞክሩት አለቻቸው። ደግሞም እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም አለች። የሚያመላልስዎ ሰው አለ ወይ ስትል እኔ አለሁ አልኳት። እንዲህ ሆነና በየቀጠሮው አብረን መመላለስ ያዝን። እሳቸው በካፖርት ከፊት፣ እኔ በነጠላ ከኋላ።

ወሬውን እናንተው ጨርሱት። አስካለ ሱሰኛ ናት ተባለ። የሸጠችውን ራሷ ስትውጠው ኖራ ነው ተባለ። እኒያ የተባረኩ ሰው ባይደርሱላት ኖሮ ተባለ። አንዷ የዕድሬ አባል በጀሪካን ጠበል ይዛልኝ መጣች፤ ካልጠጣሽልኝ አልነሳም ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ጠጣሁላት። ያ ቀላል ነው። የከበደኝ፣ ማሬ ውስጥ ኪኒን ፈጭታ ትጨምራለች የተባለ ለት ነው። ስንት ዓመት ማሬን ሳቀምሳቸው የኖርኩ ደንበኞች በሱቄ በር ሲደርሱ እርምጃቸውን ያፈጥኑ ጀመር። ያቺ አብራኝ ስትስቅ የነበረች ጎረቤቴ እንኳ ልጇን ጧፍ ስትልክ ወደ ማዶ ሱቅ ነው።

ጋሽ ኃይሌ ግን እየዳኑ መጡ። ፊታቸው ሞላ። እጃቸው ረጋ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል አሉኝ። ታዲያ የማሩን ወሬ ሰሙ። መጥተው ባንኮኒው ፊት ቆሙ።

«እናገራለሁ» አሉ።

«ይተዉት። እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑ።»

«አስተማሪ ነኝ፣ አስካለ። የኔን ስህተት ኤክስ በሌላ ሰው ፈተና ላይ አልጽፍም።»

በዕድሩ ስብሰባ ተነሱ። ካፖርቷን አውልቀዋል፤ ያለሷ ትከሻቸው ጠበብ ብሎ ታየኝ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ። ከጣሪያ መውደቃቸውን፣ ኪኒኑን፣ ያለ ወረቀት መግዛታቸውን፣ ሱቄ መምጣታቸውን። «ሱሰኛው እኔ ነኝ። አስካለ አይደለችም። እሷ እኔን ስትሸፍን ነው ስሟ የጠፋው» አሉና ተቀመጡ።

እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። የዕድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እንዲህ ያለ ሰው ተፈጥሮ ያውቃል? ለሰው ኃጢአት ራሱን አሳልፎ ሲሰጥ?» አለች።

ምን አለች? አልኩ። የለም፣ እውነታቸውን ነው ብዬ ብድግ አልኩ። ጋሽ ኃይሌም እውነቴን ነው እኮ አሉ። ባሰ። ተመልከቷት፣ አሁንም በሳቸው ታላክካለች አለ አንዱ። ምናሴ ከጥግ ሆኖ አጠገቡ ላለው ሰው፣ ስክሪፕት የላቸውም፣ ሁሉም ከራሳቸው ነው ይላል። ከዚያ ተጨበጨበ። በዕድር ስብሰባ ሲጨበጨብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ውሳኔም ተሰጠ። አስካለ ይቅር ትባል፣ ማሯም ይገዛ፣ ጋሽ ኃይሌም እስክትድን ድረስ እንዳይለዩዋት። አፈጻጸሙም ከማግስቱ ተጀመረ፤ ማሬ እንደገና መሸጥ ጀመረ። እንደ ምጽዋት እየገዙ ነው፤ ይግዙ።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ ኃይሌ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው እስከ ሱቄ በር ሸኙኝ። በመጨረሻ፣ «እውነቱን ነው የነገርኳቸው» አሉ እንደ ልጅ። ሰምቻለሁ፣ እኔ አለሁ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን የተረተው ሰውዬ በክረምት ቦንጋ አላደረም። እኛ ጋ ንጋትም ቢሆን ከጭጋጉ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ደስ ካለው።