ባሕር ናት ወይስ ኩሬ?

ሌሎች ባልና ሚስት በምን እንደሚጣሉ አላውቅም። በአማት ይጣሉ፣ በሪሞት ይጣሉ፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔና ባሌ ጥላሁን ግን ከተጋባን ጀምሮ የምንጣላው በአንዲት ቃል ነው። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው፤ ልጆቻችን አድገዋል፤ ባሕር ዳር ሹም አቦ ያለችው ቤታችንም ክረምት ክረምት ከማፍሰሷ በቀር ደኅና ናት። ያቺ ቃል ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯችን ላይ ቀርታለች።

ጥላሁን የደቅ ልጅ ነው። ደሴት ላይ የተወለደ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጣናን እናቱ ጠፍጥፋ የሠራችለት ይመስለዋል። እኔ ደገኛ ነኝ። ተራራችን ላይ ውኃ አለችን፤ ድፍን አገሩ «ባሕራችን» ይላታል። ጥላሁን ለሠርጋችን ሲመጣ ከጋራው ላይ ቁልቁል አይቷት፣ ሚዜዎቹ ፊት «ይቺ ኩሬ የማናት?» አለ። በሠርጌ ቀን! ጣናንስ ቢሆን ትምህርት ቤት ሐይቅ ነው የሚሉት፤ ልጆቼ ሲያጠኑ ሰምቻለሁ። ከተማችንን ግን ባሕር ዳር እንጂ ሐይቅ ዳር የሚላት አለ? የለም።

አያቴ እንደነገሩን፣ ድሮ ባሕራችን ያለችበት ሸለቆ ነበር፤ ቀጭን ወንዝም ይወርድበታል። አንድ ክፉ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለና የወዲያኛው ተራራ ወገቡ ላሸቀ፤ ጎኑ ተንዶ ወንዙ ላይ ተጋደመ። ቄሱ «ተራራው ሰገደ» አሉ። ሰግዶም ቀረ። ወንዙ ታዲያ ወዴት ይሂድ? ቆመ፤ ክረምት በክረምት ላይ ተደራረበና ሞላ። እኔ ልጅ ሳለሁ ውኃው ከኮሶው ዛፍ ሥር ይደርስ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ጥላሁን ወንድሞቹ ፊት፣ «ታንኳ ካንሳፈፈች ባሕር እላታለሁ፤ ካላንሳፈፈች ግን አንቺ በአፍሽ ኩሬ ትያታለሽ» አለኝ። አባቴን የቀበርናቸው በዚያች ባሕር ዳር ነው። «ኩሬ ዳር ቀበርናቸው» ልል ነው? «እሺ፣ ታንኳህን ተሸከም» አልሁት።

መናኸሪያ ደርሰን የሚኒባሱ ረዳት ያቺን የደንገል ታንኳ አየና፣ «እትዬ፣ ሣሩን ከላይ እንጫነው?» አለኝ። ጥላሁን ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«የምን ሣር! ታንኳ ነው!»

«እሺ ጋሼ፣ ታንኳውን ሣር ከላይ እንጫነው።»

ጎኑን ጎሸም አድርጌ፣ «አየህ? ስም ሲያሳንሱ እንዲህ ነው የሚቆጠቁጠው» አልሁት። ታንኳውን ራሱ ጣራው ላይ ወጥቶ አሰረው።

ጋራው ላይ ደርሰን ቁልቁል ሳይ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ባሕሬ አንሳለች። ከኮሶው ሥር ውኃ የለም፤ በውኃው ፋንታ ቄጠማ፣ በቄጠማው መሐል የወንድሜ የአያ ሙላት ጥጆች።

«ምን ሆና ነው?» አልሁ።

«አፈር ነዋ የሞላት። ዳገቱ ሲታረስ ጎርፉ እያወረደ ያራግፍባታል» አለ አያ ሙላት። ለእሱ ግጦሽ ሆኖለታል፤ ፊቱ ላይ ሐዘን የሚባል አላየሁም። ጥላሁን ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ታንኳው ላይ ቆሞ በቀርከሃ እየገፋ በቄጠማው መሐል ገባ። «የሺ! ኩሬሽን እኮ በእግሬ እሻገራታለሁ!» እያለ ይጮኻል። ቄጠማው አለቀ፤ ጥቁሩ ውኃ ጀመረ። ረጅሙን ቀርከሃ ወለሉን ሊነካበት ሰደደው። ቀርከሃው ወረደ፣ ወረደ፤ ክንዱም ተከትሎ ወረደ፤ ቀጥሎ ጥላሁን ራሱ ወረደ።

ዋና እንደ ዓሣ ስለሚያውቅ አልደነገጥሁም። የደጋ ውኃ ግን እንደ ጣና ለብ ያለ አይደለም፤ ትንፋሽ ይቀማል። ብቅ ሲል ዓይኑ ፈጦ ነበር።

«ኧረ ገመድ! ኧረ ባሕሩ በላኝ!»

አያ ሙላት የጥጃ ገመድ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝሁት።

«ምን አልህ ጥላዬ? አልሰማሁህም።»

«ባሕሩ! ባሕሩ በላኝ አልሁ፣ አንቺ አረመኔ!»

«በል አሁን ወርውርለት» አልሁ።

እሑድ ወንድሞቹ መጡና ገና ሳይቀመጡ «እህሳ፣ ኩሬዋ እንዴት ናት?» አሉ። ጥላሁን ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ አስነጠሰ። እኔን አየ፤ ጣራውን አየ። «የምን ኩሬ?» አለ በመጨረሻ፣ «ባሕር ናት እንጂ።» እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ልጅ የዳርሁ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ መጡ።

እርግጥ አፈሩ መውረዱን አይተውም፤ አንድ ቀን ትሞላለች፣ መስክ ትሆናለች። ምን ይደረግ? ሸለቆ ነበረች፣ ባሕር ሆነች፣ ሣር ትሆናለች። እኔስ ቀጭን ልጅ አልነበርሁ? ስሟ ግን ከእንግዲህ አይነካም። ያን ጊዜ አንድ መንገደኛ የሙላትን የልጅ ልጅ «ላሞችሽ የት አሉ?» ቢላት፣ «ባሕር ውስጥ ናቸው፤ ጠግበው ተኝተዋል» ትለዋለች።

ይደንግጥ።