«እንደ አዲስ ነው» የተባለው ዘይት

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚታጠብ ሕዝብ ነን። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን ሆዴን ልታይ ቀጠሮ በያዝኩ ቀን ካልሲዬን ሳይቀር እቀይራለሁ። ሐኪሙ ካልሲዬ ላይ ጉዳይ እንደሌለው አላጣሁትም። ቢያይስ? እንግዳ ይመጣል ሲባል የተዝረከረከውን ሁሉ አልጋ ስር እንከታለን። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ደግሞ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባንድ ቀን ቀለም ይቀባና የተሰበረው ወንበር ሁሉ መጋዘን ይገባል። ተቆጣጣሪውም ምንም የጎደለን ነገር እንደሌለ ጽፎ ይሄዳል፤ እኛም ወንበር ለምን አይላክልንም ብለን ዓመቱን ሙሉ እናማርራለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የተረትነው እኛው ነን። የተረትነው ግን ለጎረቤት ነው መሰለኝ።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር ስለ ሰይድ ላውራችሁ። እኔ ሰመራ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ሎጊያ ነው። ሰይድ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነድቶ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና የራሱ አደረገና ስሟን «እሜቴ» አላት። የአራት ልጆቹ እንጀራ በእሷ ጎማ ላይ ነው። ስለ እሷ ሲያወራ የማያውቀው ሰው ቢሰማው ስለ አማቱ የሚያወራ ይመስለዋል፤ አክብሮትም አለበት፣ ስጋትም አለበት።

አንድ ቀን አዋሽ ላይ የሚያውቀው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሯ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠና «ውስጧ የሚያንኳኳ ነገር አለ፤ ትከፈት» አለው። ሞተር ይከፈት ማለት ለባለ አንድ መኪና ሰው ወር ሙሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት ነው። ሰይድ ፊቱ ጠቁሮ ሎጊያ ገባ።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። ምነው ባልገባሁ። የሞተር ዘይት እንደ ሰው ደም እንደሚመረመር በቅርቡ አንብቤ ነበር። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ከተገኘ ሞተሩ ከውስጥ እየተፋቀ ነው፤ አሸዋ ከተገኘ የሆነ ቦታ አቧራ ይገባል፤ ምንም ካልተገኘ ደግሞ ዘይቱ ገና ያገለግላልና ጊዜው ደረሰ ብሎ መድፋት ብክነት ነው። ይህን ሁሉ ለሰይድ አስረዳሁት።

«መምህር፣ የሰውየው ጆሮ ወላሂ ስቶ አያውቅም» አለኝ።

«ጆሮ ማስረጃ አይሆንም» አልኩት። ይህችን አባባል ተናግሬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ አልደብቃችሁም።

በማግስቱ ናሙናውን በትንሽ ጠርሙስ ሞልቶ ሰጠኝና ወደ መስጂድ ሄደ። አዲስ አበባ ለሚገኝ መርማሪ ቤት በአውቶቡስ የሚላክ ነው፤ አብሮት የሚሄድ ቅጽ አለው። «ዘይቱ ስንት ኪሎ ሜትር አገለገለ?» ይላል። ሰይድ እስኪመለስ ልጠብቅ? ዘይት የሚቀይረው በየአምስት ሺው እንደሆነ አውቃለሁ፤ መቀየሪያው እንደደረሰም ነግሮኛል። «አምስት ሺህ» ብዬ ሞላሁት። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ሳነሳው ዘይቱ ማር መስሏል። የኬሚስትሪ መምህሩ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዴት ያለ ምርጥ ዘይት ነው» አለ።

ውጤቱ በስልኬ መጣ። ብረት የለም ማለት ይቻላል፣ አሸዋ የለም፤ ዘይቱ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላም እንደ አዲስ ነው፣ መቀየር አያስፈልግም፣ በአገልግሎት ይቀጥል። እየጮኽኩ አነበብኩለት። ሰይድ ስልኩ ላይ አጎነበሰ።

«እንደ አዲስ ነው አለ?»

«ብሏል።»

«ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ።

እሜቴም ጭነት ልታመጣ ወደ ጅቡቲ ወጣች። ከሰርዶ ትንሽ እልፍ እንዳለች፣ በዚያ የቀትር ፀሐይ፣ ሞተሯ አንዴ ጮኸና ደርቆ ቀረ። ደውሎልኝ በሰው መኪና ደረስኩ። ሰይድ በእሜቴ ጥላ ስር ተቀምጧል። መንገዱ ላይ የሚያልፉት ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ ሰላም ይሉታል፤ እሱም እጁን እያነሳ ይመልሳል። መካኒክ መጥራት እንደማይጠቅም፣ ይህች ሞተር ዳግም እንደማትነሳ ከፊቱ ገባኝ።

«እንደ አዲስ ነው ብለውን የለም እንዴ» አልኩት፤ ሌላ የምለው አጥቼ።

«አዲስማ ነው» አለኝ። «ናሙናውን ከመስጠቴ በፊት የነበረውን ደፍቼ፣ አጣጥቤ አዲስ ሞላሁባት። እንደ ሬንጅ የጠቆረውን ዘይት ለማላውቃቸው ሰዎች ልላክ? እሜቴን ምን ይሏታል?»

«ሰይድ፣ የሚመረመረው እኮ ዘይቱ ነው።»

«እኔ እሷን የሚያዩ መስሎኝ። ሰው ደም ሊሰጥ ሲሄድ ክንዱን አይታጠብም? ደሙ ያው ደሙ ነው።»

ሃያ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ተሳክቶ የተሳሳተ ሰው አላጋጠመኝም። ልቆጣው ፈለግኩ፣ አልቻልኩም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩና አንገቴን ደፋሁ። ልባችን ተሰብሮ ነበር፣ የእሱም የእኔም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ውጤቱን ደግሜ አነበብኩት። ወረቀቱ አልዋሸም። «እንደ አዲስ ነው» ያለው አዲስ ስለነበረ ነው። ቅጹ ላይ ሐሰት የነበረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መስጂድ የሄደን ሰው ሩብ ሰዓት ጠብቄ ብጠይቀው «ዛሬ ነው የቀየርኩት» ይለኝ ነበር፤ እሜቴም ተከፍታ ትድን ነበር ይሆናል። ይህን ለሰይድ እስካሁን አልነገርኩትም። ምን ይለኛል?

እሜቴ አሁን ሎጊያ ጋራዥ ጓሮ ቆማለች፤ ፍየሎች ጥላዋ ስር ያርፋሉ። ሰይድ ወደ ሰው መኪና ተመልሷል፣ አሥራ አንድ ዓመት ወደነበረበት። ትናንት ከገዋኔ ደወለልኝ። ድምፁ የደከመ ነበር፤ ከስልኩ ማዶ አንድ የሚያንኳኳ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ተውኩት።

«እንዴት ነህ ሰይድ?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደ አዲስ ነኝ መምህር። አንተስ እንዴት ነህ?»

አሁን ልንገረው ብዬ ትንፋሼን ሳብኩ።

«ደህና» አልኩት።