የጋሽ ደምሴ ግራ ክንድ

ሐኪም ፊት ስንቀርብ ምን እንደሚነካን አላውቅም። ስለ አውቶቡስ መዘግየት፣ ስለ ስኳር ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ ስናማርር የምንውል ሰዎች ያን ጊዜ ድንገት ጨዋ እንሆናለን። «ያምዎታል?» ሲለን «ኧረ ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ከበሩ ወጣ እንዳልን ግድግዳ ተደግፈን እናቃስታለን። እናንተ አላደረጋችሁትም? እኔ አድርጌዋለሁ። የእኔ ይቆየንና የጋሽ ደምሴን ልንገራችሁ።

ጋሽ ደምሴ በደርግ ዘመን ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ጎረቤቴ ነበሩ። ባሏ የከዳት፣ ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተባረረ፣ ሁሉም እየተንተባተበ መጥቶ አንደበት አግኝቶ ይሄዳል። የሰው በደል ከእርሳቸው ብዕር ሲወጣ ዳኛ ያስለቅሳል ይባል ነበር።

እኚህ ሰው ታመሙ። ሳንባቸው ዙሪያ መግል ቋጥሮ ኖሮ፣ ደረታቸው በግራ በኩል ተከፍቶ ከሞት ተረፉ። ሆስፒታል ሳሉ አንዲት ነርስ በየጠዋቱ፣ «አባባ፣ ትራሱን ደረትዎ ላይ አቅፈው በደንብ ይሳሉ። ክንድዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ሕመሙ ሲጀምርዎት ይጥሩኝ፣ እስኪብስ አይጠብቁ» ትላቸዋለች። እሷ ስትወጣ ጠያቂዎች እንገባለን። «ኧረ እንዳይነቃነቁ፣ ስፌቱ ይፈታል!» ብዬ በጋቢ ጥፍንግ አድርጌ የጠቀለልኳቸው እኔ ነኝ። እርሳቸውም «ልጅቷን ለምን ላመላልሳት» እያሉ ማስታገሻ ሳይጠይቁ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩ። ጀግና አልናቸው።

ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ወራት አልፈውም ሸሚዝ ጠባሳውን ሲነካው እንደ እሳት ይለበልባቸዋል። ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አልሄድ አለ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐኪሙ ዘንድ ሦስት ጊዜ ቀርበው ሦስቴም «ተመስገን» ብለው ተመልሰዋል።

«ከሞት አፍ ያወጣኝን ሰው ሥራህ ጎድሏል ልበለው? ውለታ ቢስ ልሁን?» አሉኝ።

ችግሩ በዚያ ዘመን ግራ ክንድ የግል ጉዳይ አለመሆኑ ነው። እሑድ እሑድ በቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሲሰማ ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነበር። ጋሽ ደምሴ ቀኛቸውን አነሡ። ሊቀመንበሩ አየ። በሚቀጥለው እሑድም አየ። በሦስተኛው ሕዝብ መሃል፣ «ጓድ ደምሴ፣ ግራ እጅዎ ምን ሆኗል?» አላቸው። ያን ዓይነት ጥያቄ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ እንዲህ ተጠይቀው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ክንዳቸውን ወደ ላይ ገፉት፣ ከዚያ ተዝለፍልፈው ወንበራቸው ላይ ወደቁ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው የሐኪም ወረቀት ያምጡ» አለ።

«አሁንማ ለሐኪሙ መናገር አለብዎት» አልኳቸው።

«በአፌ አይወጣም» አሉ።

በማግስቱ ባለጉዳዮቻቸውን አስጠብቀው ለራሳቸው ጻፉ። «ጉዳዩ፦ ከሕክምና በኋላ ስላልለቀቀኝ ሕመም። እኔ አመልካች ሸሚዝ ለመልበስ፣ በጎኔ ለመተኛትና የልጅ ልጄን ለማቀፍ የተሳነኝ ሲሆን፣ ይህንን የማመለክተው በክቡር ሐኪሙ ሥራ ቅሬታ ኖሮኝ እንዳልሆነ እየገለጽሁ...» እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ከልማድ የተነሣ «ፍትሕ እንዲሰጠኝ» ብለው ነበር። ፍትሕን ሰርዘው መድኃኒት አሉት።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አነበበው። «አባቴ፣ ካርድዎ ላይ ሦስት ጊዜ ሕመም የለም ብዬ ጽፌያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ደረት ሲከፈት በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ቆዳው ከዳነ በኋላም ነርቩ ማሳመሙን እንደሚቀጥል አስረዳን። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ቢታገስልዎት፣ ክንድዎም ቢንቀሳቀስ ኖሮ፣ ምናልባት እዚህ ባልደረሰ። አሁን ላቀልልዎት እሞክራለሁ፤ ጨርሶ ይጠፋል ግን አልልዎትም።» እኔ ወለሉን አየሁ። ለነርቭ የሚሆን ኪኒን አዘዘላቸው፤ ጣታቸውን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያራመዱ ክንዳቸውን እንዲያለማምዱ አሳያቸው፤ ለቀበሌውም ወረቀት ጻፈ።

«ያን የመሰለ ሰው አሳዘንኩት» አሉኝ ስንወጣ።

የሐኪሙን ወረቀት ከማመልከቻው ቅጂ ጋር ይዘን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባን። ሊቀመንበሩ ማንበቡን ቶሎ አልጨረሰም። «ነርቭ ነው የሚለው?» አለ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሁለታችንም ያበቃልን መሰለን። እርሱ ግን የካኪ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ከጡቱ ሥር እስከ ጀርባው የዞረ ሰፊ ጠባሳ አሳየን። ጦር ሜዳ ቆስሎ በቀዶ ጥገና ፍንጣሪ ወጥቶለት ኖሯል። በግራ በኩል ነው። በየእሑዱ ከሁላችንም በላይ የሚያነሳው በዚያው በኩል ያለውን እጁን ነበር።

«ለሐኪሙ የጻፉለትን ዓይነት ለእኔም ይጻፉልኝ፣ ጋሽ ደምሴ» አለ፣ ጓድ ማለቱን ትቶ። «ስሜን ግን አያስገቡት።»

ጋሽ ደምሴ በዕድሜያቸው አመልካች የሌለው ማመልከቻ የጻፉት ያን ቀን ብቻ ነው።