ብርድ ልብስ የለበሰችው መኪና

ሰውን ለማወቅ መኪና ሲሸጥ ማየት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስለ እውነት ሲያስተምር የኖረ ሰው እንኳ መስታወቱ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት በለጠፈ ማግስት አነጋገሩ ይለወጣል። ገዢም ያው ነው፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ጎማው ምን እንደሚነግረው እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናንተም ትመታላችሁ፤ አትካዱ።

እኔም ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ በዓመቴ ሻጭ ሆንኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ የባለቤቴን የአስካለን ጉልበት ከያዘው ቆይቷል፤ ሐኪሙም «ቆላ ውረዱ» ብሎናል። አረርቲ ላይ የገዛናት ጅምር ቤት ግን ግድግዳዋ ቆሞ ጣሪያ ትጠብቃለች። ጣሪያው የሚወጣው ከመኪናዋ ነው። ክረምት ሳይገባ ካልተሸጠች አስካለ ሌላ ክረምት በምርኩዝ ልትገፋ ነው።

መኪናዋ እንደዋዛ የምትታይ አይደለችም። ረጅም ናት፣ ሰፊ ናት፣ ሦስት ወፍራም ሰዎች ከኋላ ሳይጣሉ ይቀመጡባታል። የቆዳ ወንበር፣ የወንበር ማሞቂያ፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ወደ ኋላ ስትሄዱ የኋላችሁን የሚያሳያችሁ ካሜራ አላት። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ማሞቂያው በላስቲኩ ላይ ይሞቅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሊያዩዋት የመጡት ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፤ የአልዩ አምባ ተወላጅ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ። ብዙ አይናገሩም። ዝምተኛ ገዢ ደግሞ ያስፈራል። በቀጠሮ አይደለም የመጡት፤ ገና በማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እንዳለ ድንገት ደረሱብኝ። መኪናዋ ኮፈኗ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ቆማለች። እኛ ዘንድ ይህ ነውር የለውም፤ በውርጭ ወራት ስንቱ መኪና ተከናንቦ ያድራል። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ለመኪና አንድ ቢተርፍ ምን ይገርማል?

ሐጂ ግን የቆላ ሰው ናቸው። ብርድ ልብሱን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው አለበሷት።

«መምህር፣ ምኗን ነው የሚያማት?»

«ኧረ ጤነኛ ናት ሐጂ! ለብርዱ ብዬ ነው እንጂ።»

«ጤነኛ ብረት ብርድ ልብስ አይለብስም። ወላሂ፣ አንድ ነገርማ አለ።»

ሞተሯን በአንድ ጊዜ አስነሳሁላቸው። ይባስ ተጠራጠሩ። «እስቲ ላስብበት» ብለው ሄዱ።

ስሜ የጠፋ ያህል ተናደድኩ። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ ሳትከናነብ ካደረች በውርጭ ጠዋት አልነሳም ትላለች። አስካለ ይህን ታውቃለች።

«ሸቷቸው ነው የሄዱት» አለችኝ ጉልበቷን እያሸች። «እኔ በውሸት ጣሪያ ሥር አልገባም። ንገራቸው።»

መንገሩ አሳፍሮኝ ነው መሰል፣ ደውዬ «ነገ በማለዳ ይምጡ፤ ሳትለብስ አድራ ያዩዋታል» አልኳቸው።

መጡ። ቁልፉን አዞርኩ፤ አሳለች። ደገምኩ፤ አሳለች። በሦስተኛው ጭራሽ ዝም አለች። አስካለ ምርኩዟን ጨብጣ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በአራተኛው ተነሳች።

የሐጂ ፊት ግን በራ። «በቃ ይኼው ነው? አልሐምዱ ሊላህ! እኛ ዘንድ ብርድ የት አለና!» አሉና በጠራሁት ዋጋ ገዟት።

በጠራሁት ዋጋ! ሳይከራከሩ! ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። ስድስት ዓመት የነዳኋት እኔ ያላየሁት፣ እሳቸው በሁለት ጠዋት ምን አይተውባት ይሆን?

የሆነ ሆኖ ጣሪያው ተመታ። ዕቃ ስንጭን ያቺን ብርድ ልብስ ከሁሉ በላይ አደረግኳት። አስካለ ሳቀች።

«አረርቲ ደግሞ ብርድ ልብስ ምን ይሠራልናል? ሙቀት ነው እኮ!»

የጭነቱን ገመድ አጠበቅኩ። «ሙቀት ነው» ያለን ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ ነው።