እትዬ ትርንጎና ባሕታዊው ቁልቋል

በዚህ ዓለም ላይ ባዶ ነገር ማየት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ባዶ ብርጭቆ ያማቸዋል፤ ባዶ ሳህን ያስተክዛቸዋል፤ ባዶ ሆድማ የግል ጠላታቸው ነው። ጎንደር ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ከእነዚህ ሰዎች ቢያንስ አንዷን ያውቃል። ለፀደይ የደረሷት እትዬ ትርንጎ ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ ትርንጎ የግቢው ባለቤት፣ የአምስት ተከራዮች የበላይ ጠባቂና የሰፈሩ የሆድ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው አንድ ነገር ሳይቀምስ ቆጣሪው ያለበትን ጥግ አያሳዩትም። ድመታቸው ከመወፈሯ የተነሳ አይጦች በፊቷ ሲያልፉ መሮጥ ከተዉ ቆይተዋል። በበሩ ሲያልፍ “ደኅና ዋሉ” ያለ መንገደኛ ቢያንስ ሩብ ዳቦ ይዞ ነው የሚሄደው። “ጠግቤያለሁ” የሚል ቃል እሳቸው ዘንድ እንደ ሰላምታ እንጂ እንደ መልስ አይቆጠርም። “እስኪ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!” ይላሉ። በቀን ስንት ጊዜ በሞታቸው እንደሚለምኑ ለሚያውቅ ሰው፣ እስካሁን በሕይወት መኖራቸው ራሱ ተአምር ነው።

ፀደይ በአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፤ ቀጭን መሆኗ ደግሞ ለእትዬ ትርንጎ ከሰማይ የወረደ ሥራ ሆነላቸው። ከአገሯ ከድብ ባሕር ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና በሸክላ ማሰሮ የተተከለ፣ ክንድ የማይሞላ ካክተስ ነበር። ካክተሱን ያሳደጉት አባቷ ናቸው። አስተማሪ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአባቷ ቤት ለራሷ ብላ የወሰደችው ነገር እሱን ብቻ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

“ምነው ልጄ፣” አሉ እትዬ ትርንጎ ማሰሮውን ገና ሲያዩት፣ “እኛ አገር፣ ትክል ድንጋይ፣ ቁልቋል የሚተከል ከብት እንዳይገባ ነው። አንቺ ጭራሽ ቤት አስገባሽው?”

“ካክተስ ነው፣ እትዬ።”

“ይሁን። ምን ይበላል?”

“ምንም። ፀሐይ ይበቃዋል። ውሃ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንዲት የሻይ ብርጭቆ፣ ያውም አፈሩ ደርቆ ከተገኘ። ከዚያ ካለፈ ይበሰብሳል።” ፀደይ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

እትዬ ትርንጎ ካክተሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። እናት አባት የሞቱበትን ሕፃን ያዩ ይመስል ፊታቸው ጠቆረ። “በአሥራ አምስት ቀን!” አሉ ለራሳቸው።

ከሳምንት በኋላ ፀደይ ከሥራ ስትመለስ አፈሩ ርሶ አገኘችው።

“እትዬ፣ ውሃ አጠጡት እንዴ?”

“እኔ? ዝናብ ይሆናል እንጂ።”

ወሩ የካቲት ነው። ሰማዩ ደመና የሚባል ካየ ሰንብቷል፤ ማሰሮውም ያለው በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ነው። ፀደይ በማግስቱ ማሰሮውን እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ የግድግዳው ጫፍ ላይ ሰቀለችው። ማታ ስትገባ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ቆሟል፤ አፈሩም ጭቃ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን “ውሃ አይሰጠውም” ብላ በካርቶን ጽፋ ለጠፈችበት። እትዬ ትርንጎ ይህን ጊዜ እውነተኛ ቅሬታ ተሰማቸው።

“ውሃ መች ሰጠሁትና? የምስር ቅቅል ነው እንጂ! ኃይል ይሆነዋል ብዬ።”

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ፀደይ ለሥልጠና ደባርቅ ተላከች። ከመሄዷ በፊት እትዬ ትርንጎን በር ላይ አቁማ ቃል አስገባቻቸው። ቃላቸውንም ሰጡ። በጾም የተሰጠ ቃል ነውና ፀደይ አመነች።

በሰባተኛው ቀን ስትመለስ ካክተሱ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ተጋድሟል። ከሥሩ ቢጫ ሆኗል፤ በጣቷ ብትነካው እንደ በሰለ ፓፓያ ሰመጠ። እትዬ ትርንጎ ከኋላዋ ቆመው ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ።

“እስከ ሦስት ቀን አልነካሁትም፣ ማርያምን። ከዚያ ገርጣ ሲልብኝ ጊዜ ጠምቶት ነው ብዬ ትንሽ ሰጠሁት። ሲብስበት ጨመርኩለት።”

ፀደይ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “የአባቴ ነበር፣ እትዬ። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው፤” አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በግቢው ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። እትዬ ትርንጎ ለማንም “ብሉ” ሳይሉ ዋሉ። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ቁጥሩን ጽፎ ወጣ፤ በሩ ላይ ግን ተመልሶ “ታመሙ እንዴ?” ብሎ ጠየቀ። ወደ ፀደይ ክፍል ሳህን መምጣቱ ቀረ። ማሰሮውም ከበረንዳው ጠፋ፤ ጥለውት ይሆናል ብላ አልጠየቀችም። በአሥረኛው ቀን የሥራ ባልደረባዋ ሥርጉት አዘዞ አካባቢ አንድ ክፍል አገኘችላት። የራሱ በር አለው። “ገባሽ ወጣሽ፣ በላሽ አልበላሽ የሚልሽ የለም፤” አለቻት። ፀደይም ተስማማች፤ ይህንኑ ልትናገር ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ትርንጎን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞረች።

እዚያ ችግኝ ሻጩ አያ ሐብተ ማርያም ቁጢጥ ብለዋል። ከፊታቸው ያ ማሰሮ አለ። በውስጡ ጭቃው ወጥቶ ደረቅ አሸዋ ገብቷል፤ በአሸዋው ላይ የካክተሱ ጫፍ፣ ስንዝር የማታህል አረንጓዴ ጉቶ፣ ቀጥ ብላ ተተክላለች። ኋላ እንደተረዳችው፣ እትዬ ትርንጎ እሷ በሯን በዘጋችበት ዕለት ካክተሱን በነጠላ ጠቅልለው፣ በባጃጅ ይዘው አያ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄደው ነበር። እሳቸውም የበሰበሰውን ቆርጠው ጥለው፣ ደኅናው ጫፍ ቁስሉ እስኪደርቅ አሥር ቀን በእትዬ ትርንጎ ጓዳ፣ ጥላ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዋል።

“በይ እንግዲህ ትርንጎ፣ እስከ ፋሲካ ጠብታ እንዳይነካው፤” ይላሉ አያ ሐብተ ማርያም።

“ጠብታም?”

“ጠብታም። ጾም ላይ ነው በይው።”

“ጾመኛም እኮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይቀምሳል፣ አያ!”

“ይኸኛው ባሕታዊ ነው።”

እትዬ ትርንጎ ዞር ሲሉ ፀደይን አዩዋት። ሁለት እጃቸውን እንደ ተያዘ ሌባ ወደ ላይ አነሱ።

“አልነካሁትም ልጄ። አሥር ቀን ሙሉ ፊቱ ቁጭ ብዬ ዋልኩ እንጂ ጣቴን አላሳረፍኩበትም። ግን የተጠማ እያዩ ዝም ማለት እንዴት ያለ መከራ ነው! እንዲያው አባትሽ እንዴት ቻሉት?”

ፀደይ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። የአባቷን የውሃ ነገር ረስታው ኖሯል።

“አባቴም አልቻለም፣ እትዬ። እናቴ ነበረች የውሃ ጣሳውን የምትደብቅበት። ሁለት ጊዜ አበስብሶት፣ ሁለት ጊዜ ነው እንደዚህ ቆርጦ የተከለው።”

“ሸጋ ሰው ኖረዋል!” አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ። “በይ ቁጭ በይ፤ ንገሪኝ እስኪ ስለ እሳቸው።”

ፀደይ አጠገባቸው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ አባቷ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን እስከ ቀትር አወራች። አያ ሐብተ ማርያም ሦስት ዳቦ በልተው በግድ ተሰናበቱ።

ከሰዓት በኋላ ለሥርጉት ስልክ ደወለች።

“ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው።”

“ምነው? ምን ሆንሽ?”

“ካክተሱ ገና ሥር አልሰደደም።”

“ሥር እስኪሰድ ደግሞ ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

ፀደይ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች። እትዬ ትርንጎ በማሰሮው ፊት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረው፣ ባሕታዊውን ያጫውቱታል።

“እንጃ፣” አለች፣ “አንድ ሁለት ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም።”