«ች» የጎደላት ተረት

ተረት ተረት። «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። በረት ግን አለ፤ እሱም ጉባኤ ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ጫካ የሚኖሩ እንስሳት ያለፈውን ማውራት ሰልችቷቸው የሚመጣውን ማውራት ጀመሩ። ያለፈውን የሚያወራ ሁሉ «ዋሸህ» ይባል ነበር፤ የሚመጣውን የሚያወራውን ግን ማን ምስክር ጠርቶ ይረታዋል? ስለዚህ አዲሱ ወግ ቶሎ ተወደደና «የነገ ተረት» ተባለ። በነገ ተረት ውስጥ አንበሳ መብረቅ ጭኖ ጨረቃ ላይ ይወጣል፤ ከርከሮ በክራንቻው የፀሐይን በር ይሰብራል፤ ኤሊ ሳትቀር ድንጋይዋን አውልቃ ትበራለች የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በኋላ ግን «ይበራል» ተብሎ ታረመ።

ነገ ሰፊ ነው፤ ለሁሉም ቦታ አለው ይባላል። ሴት ሆና የተፈጠረች፣ ነገ ውስጥ የነበራት ሥራ ጀግናው ሲሄድ ማልቀስና ሲመለስ ማልቀስ ነበር። ጥቁር ሆኖ የተፈጠረ ደግሞ ከጀግናው ጋር አብሮ ይነሳና ጨረቃ ሳይደርሱ ይሞታል፤ ጀግናው በሞቱ እጅግ አዝኖ ጉዞውን ይቀጥላል። ጥቁርም ሴትም ሆና የተፈጠረች ግን አታለቅስም፣ አትሞትምም። የለችማ።

የነገን ተረት መርምሮ የሚያሳልፍ ጉባኤ ነበር፤ የሚሰበሰበውም ከምንጩ ዳር ባለው ዋርካ ሥር ነው። ሊቀ መንበሩ ነጩ ወፍ ጋሽ ሳቢሳ ነበር። ጋሽ ሳቢሳ ራሱ ተረት አውርቶ አያውቅም፤ ዕድሜ ልኩን በሌላው ጀርባ ላይ ቆሞ መዥገር የለቀመ ወፍ ነው። ይህንኑ ሙያውን ወደ ተረት አመጣና የተረትን ጉድለት «መዥገር» ብሎ ጠራው። አንገቱን አስግጎ «እዚህ ጋ መዥገር አለ» ካለ አለቀ፤ ባይኖርም ይገኛል። በስተቀኙ አያ ጎሽ ይቀመጣል። አያ ጎሽ ጥቁሮች ጉባኤ ይግቡ ብሎ ቀንድ ለቀንድ ታግሎ የገባ ጥቁር ወንድ ነው፤ ከገባ ወዲህም ሳቢሳን በጀርባው ተሸክሞ ያመላልሳል። በስተግራ ነጯ እትዬ ርግብ አለች። እሷም ሴቶች ይግቡ ብላ ብዙ የጮኸች ናት። የገባች ዕለት ነፋስ ይገባል ብላ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

በዚያው ጫካ እመት ቁሪት የምትባል ቁራ ነበረች፤ ነገር አዋቂ፣ ምላሷ ከክንፏ የሚፈጥን። ለጉባኤው ብዙ የነገ ተረት አቅርባ ሁሉም ተመልሶባታል። የቁራ ተረት ይዛ በመጣች ቁጥር ጋሽ ሳቢሳ «የቁራ መልእክተኛ መጣች» እያለ ይሳለቅባት ነበር፤ በጥፋት ውሃ ጊዜ ተልካ የቀረችውን አያቷን ማንሳቱ ነው። ያኔ እትዬ ርግብ የራሷ አያት ቅጠል ይዛ መመለሷ እንዳይረሳ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

እመት ቁሪት ለራሷ ቢሆን ትታው ነበር። ነገሩ የልጇ የኩሌ ነው። ኩሌ ክንፍ አውጥታ መብረር መለማመድ ሲገባት ከጎጆ አልርቅም አለች። ቀኑን ሙሉ ከተቃጠለ ግንድ ሥር ሄዳ አመድ ላይ ትንከባለላለች። ምን ሆነሽ ብትባል፣ «ነገ ውስጥ ቁራ የለም፤ መብረሩ ምን ያደርግልኛል? ነጭ ብሆን ይሻለኛል» አለች። ክረምቱን ሙሉ በዋርካው ላይ ለጫጩቶች የሚነገረው ጉባኤው ያሳለፈው ተረት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቁራ ካልተጠራች ልጇ አመድ ለብሳ ልትቀር ነው።

አንድ ጠዋት ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሳለ ሁለት ጅግራዎች «መጡ፣ መጡ፤ ተነሱ» ሲባባሉ ሰማች። ጋሽ ሳቢሳ መስሏት እሷም ብድግ ብላ እጅ ነሳች። ከጉሙ ውስጥ የወጡት ግን የሳቢሳ እናት ነበሩ። አሮጊቷ ሰላምታዋን ተቀብለው አለፉ፤ እመት ቁሪት ግን እዚያው ቆማ ቀረች። ለካ አንቱታ ጾታ ይሸፍናል! «መጣ» ካሉ ወንድ ነው፤ «መጣች» ካሉ ሴት ናት፤ «መጡ» ካሉ ግን ሰሚው የፈለገውን ያያል። ይቺን የምታህል ቀዳዳ አግኝታ ዝም ብላ የምታልፍ ቁራ ገና አልተፈለፈለችም።

የጉባኤው ቀን ደረሰና እመት ቁሪት ዋርካው ሥር ቆመች። ኩሌም አመዷን ተቀብታ ከጫጩቶቹ መሀል ተቀምጣለች።

ተረቷ እንዲህ ነበር። ነገ ምድር ደረቀች። የተረፉት እንስሳት አንድ ትልቅ ቅል ፈልፍለው ገቡና በከዋክብት መሀል ይንሳፈፉ ጀመር። ውሃ ሲያልቅባቸው አዲስ ምድር የሚፈልጉ አንድ መልእክተኛ ላኩ። እኒህ መልእክተኛ በዚያ ሁሉ ጨለማና ብርድ ውስጥ ብቻቸውን በረሩ። ሁለት ጨረቃ የሚወጣባት፣ ወንዝ የሚወርድባት ምድር አገኙ። ሊመለሱ ክንፋቸውን ዘርግተው ግን አሰቡ። ቢመለሱ መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ ቅሉም ያለ ምልክት ሲባዝን ይኖራል። ስለዚህ አልተመለሱም። ከተራራ ጫፍ ላይ እሳት አንድደው፣ ከሩቅ እስኪታይ ድረስ ሲቆሰቁሱ ኖሩ። ቅሉ ውስጥ ያሉት «ተልከው ቀሩ» እያሉ ሲያሟቸው ከረሙ፤ በመጨረሻ እሳቱን አዩና ተከትለው ወረዱ። ቀሩ የተባሉት መልእክተኛዋ ደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ምላሷ አዳልጧት «መልእክተኛዋ» ብላ ነበር፤ ደግነቱ ሁሉም እያለቀሱ ስለነበር የሰማት የለም። አያ ጎሽ አፍንጫውን በምላሱ ይጠርጋል፤ እንባ ሲመጣበት እንዲያ ያደርጋል። ጋሽ ሳቢሳ አንገቱን ማስገግ ረስቶ፣ «እመት ቁሪት፣ መዥገር የሌለበት ተረት አመጡ» አላት። እሷን አንቱ ሲላት ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎም ያ ነጭ ክንፍ በጨለማው ውስጥ ሲያበራ እንደታየው ተናገረ።

ነጭ ያለ ማንም አልነበረም። አያ ጎሽም ይህንኑ አለ፤ እሱ ያየው የጥቁር ኮርማ ትከሻ ነው። ኮርማ አይበርም ቢሉት «ነገ ይበራል» ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ ርግብ ደግሞ መልእክት ከጥንት ጀምሮ የርግብ ሥራ መሆኑን አስታውሳ፣ መልእክተኛው ነጭ ሴት ለመሆናቸው በላባዋ ማለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይህ ነው። ተከራክረው ተከራክረው ሲደክማቸው ባለተረቷን ጠየቁ።

«ቁራ ናቸው» አለች እመት ቁሪት። «ሴት ቁራ።»

ከዚያ በኋላ መዥገሩ ፈላ። እስከዚያ ድረስ የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ። ጋሽ ሳቢሳ ቁራ ያን ያህል ሩቅ መብረር እንደማትችል ተፈጥሮ ትመሰክራለች አለ፤ ቅል ሲበር ተፈጥሮ ምን ብላ እንደመሰከረች አልተናገረም። ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከቤቷ ስትጠፋ ጫጩቶቿን ማን ይዞላት ነው ብሎ ጠየቀ። መልእክተኛው ሳቢሳ በነበሩበት ሰዓት ጫጩት የሚባል ነገር ትዝ ያለው አልነበረም።

እትዬ ርግብ «እህቴ፣ እኔ ለሴቶች መታገሌን ታውቂያለሽ» ብላ ጀመረች። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ንግግር በደህና አልቆ አያውቅም። የላባ ቀለም ማንሳት ሴቶችን ይከፋፍላል፤ መጀመሪያ እኛ ተደላድለን እንቀመጥ፣ ከዚያ እናንተን እንጠራችኋለን አለች። አያ ጎሽ በበኩሉ መልእክተኛዋ ጥቁር መሆኗ እንዳኮራው ገለጸ። ግን ሴት መሆኗ ምን አስፈለገ? የጥቁሮች ጉዳይ መልክ ሲይዝ የሴት ጉዳይ በቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ ይታያል። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ተብሏል ሲልም ጨመረበት። ይህንን ሲናገር ሳቢሳ ጀርባው ላይ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቅለት ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ሳቢሳ ሊቀ መንበር ነውና ማስታረቂያ አመጣ።

«ተረቱ ጥሩ ነው። መጀመሪያ እንደነገርሽን በአንቱታ ይሁን፤ ወፏንም ጾታዋንም አትጥሪ» አላት፤ አንቱታው ለመልእክተኛዋ እንጂ ለእሷ አልተረፈም። «ክረምቱን ሙሉ በዋርካው ላይ ይነገርልሻል። ሰሚው የፈለገውን ይይ።»

እመት ቁሪት አሰበችበት። ክፉ ውል አልነበረም። ሌላው የፈለገውን ቢያይ ልጇ እውነቱን ታውቃለች፤ ቁራ በጨለማ ውስጥ ስትበር ታያለች። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ሳለ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ወደ ጫጩቶቹ ዞረች።

«ኩሌ፣ ቁራ ናቸው ከማለቴ በፊት ማንን ነበር ያየሽው?»

ኩሌ አቀረቀረች። «ጋሽ ሳቢሳን» አለች።

ጋሽ ሳቢሳ ደስ ብሎት ላባውን ነፋ። እመት ቁሪት ግን እፍረትም ንዴትም አንድ ላይ መጡባት። ዳኞችን ልታታልልበት ያወጣችው ብልሃት ከሁሉ አስቀድሞ ያታለለው ልጇን ነበር። ሰሚ የፈለገውን አያይም፤ እንዲያይ የለመደውን ነው የሚያየው። እናቱ ብትናገርም፣ አንቱ ብትልም፣ ያው የለመደውን ነው።

ማስታረቂያውን ትታ ተረቷን ከመጀመሪያው ጀመረችው። «ላኳት» አለች። «ብቻዋን በረረች። ጥቁር ስለነበረች ጨለማው አላስደነገጣትም። ምድር አገኘች፣ እሳት አነደደች። አልተመለሰችም።» በእያንዳንዷ «ች» ላይ ምላሷን ታጠብቅ ነበር። ጋሽ ሳቢሳ «ች» በመጣች ቁጥር ጠጠር እንደወረወሩበት ዓይኑን ይጨፍናል።

ጉባኤው ወዲያው ውሳኔ ሰጠ። ይህ የነገ ተረት ሳይሆን የእሮሮ ተረት ነው። ሆኖም ጉባኤው ለሁሉም እኩል ስለሚያስብ፣ ከምንጩ ማዶ ያለው ቁልቋል የጥቁሮችና የሴቶች ተረት እንዲነገርበት ተፈቅዷል፤ በዓመት አንድ ቀን፣ እሱም ዝናብ ካልዘነበ። እትዬ ርግብ ውሳኔው ታሪካዊ ነው አለች፤ አያ ጎሽም በሰኮናው አጨበጨበ።

እመት ቁሪት ወደ ቁልቋሉ ሄደች። ያቺን አንድ ቀን ግን አልጠበቀችም፤ ሲነጋ ትጀምራለች፣ ሲመሽ ታቆማለች። አድማጭ አልበዛላትም። ዋርካ ጥላ አለው፣ ቁልቋል ደግሞ እሾህ ነው ያለው፤ አድማጭም ምቾት ይወዳል። ኩሌ መጀመሪያ አፍራ ራቅ ብላ ትቀመጥ ነበር። ውላ አድራ ቀረብ አለች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፦ ያን ብርድ እንዴት ቻለችው? ማገዶውን ከየት አመጣችው? ብቻዋን ስትሆን አልቅሳ ታውቃለች? እመት ቁሪት መልስ ሲያጥራት ተረቱን ታስረዝመዋለች። ልጅቷ አመድ መቀባት በየትኛው ቀን እንደተወች እናትየው ልብ አላለችም።

ክረምት ገባ። የነገ ተረት ሊነገር ነው ተብሎ ጫጩቱ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ተራኪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጋሽ ሳቢሳ። ከጎሽ ጀርባ ወርዶ ጉሮሮውን ጠረገና በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ተረት ጀመረ። ምድር ደረቀች አለ። ቅል ተንሳፈፈ አለ። አንድ ነጭ ሳቢሳ ብቻውን በረረ፤ ሁለት ጨረቃ ያላት ምድር አገኘ፤ እሳት አነደደ። ጎሽም ነበር፤ ምድሪቱ ጋ ሳይደርሱ ሞተ። ርግብም ነበረች፤ ሳቢሳው ሲሄድ አለቀሰች። ሁለቱ የጉባኤ አባላት ስማቸው ሲጠራ ሰምተው ረኩ። ቁራ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

እመት ቁሪት ከማዶ ቁልቋሉ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። አጠገቧ ወደነበረችው ልጇ ብትዞር ኩሌ የለችም።

ጋሽ ሳቢሳ ተረቱን ጨርሶ እንደ ባለተረት ወግ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለ። ጫጩቶቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ አንዲት ወፍ በዝናቡ ውስጥ በርራ መጥታ ዋርካው ላይ አረፈች። ጋሽ ሳቢሳ ማን እንደሆነች ለመለየት ቆየ፤ እንዲህ ጠቁራም፣ እንዲህ በርራም አይቷት አያውቅም። ኩሌ ታላቅ አክባሪ ናትና በአንቱታ ነበር የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ተረቱን ለእናቴ ይመልሱ፤ ከነ‹ች›ዋ። አፍዎን ግን ዳቦ የሚያብሰው አይመስለኝም።»