የመጨረሻው ኦልድሮይድ ጠባቂ

የድሮ ነገር በተነሳ ቁጥር «እሱማ ሌላ ነው» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ንገሩኝ፤ ዕቃዬን ሸክፌ እዚያው እገባለሁ። የእኛ የሰሜን እንግሊዟ ሃሊፋክስ ሰው ክቡር ሚስተር ዊልፍ ሰግደን ናቸው፦ የሠራተኞች ክበብ ኃላፊ፣ የቢንጎ ቁጥር ጠሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በከተማው የቀረው የመጨረሻው የኦልድሮይድ አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ማለት ነው፣ ጠባቂ።

ክላረንስ ኦልድሮይድ በዘመኑ የሰሜኑ ጊታር ተጫዋች ሁሉ የሚመኘውን አምፕሊፋየር በእጁ ይሠራ ነበር። እሱ ሞቶ ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፏል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንደገና እንሥራው ብለን ስንነሳ፣ ሚስቱ ወይዘሮ ኤድና ስሙን ለመስጠት የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዊልፍ ድምፁን ሰምቶ ‹እሱ ነው› ይበል።» ያለ ስሙ ደግሞ የእኛ ዕቃ የሚጮህ ሳጥን ነው፤ ማንም አይገዛውም።

ዊልፍ ደግሞ በቀላሉ «እሱ ነው» የሚሉ ሰው አይደሉም። የመጀመሪያውን ስናመጣላቸው ጊታር አላሉ፣ ምን አላሉ፤ ማይካቸውን ሰኩና እንደ ቢንጎ ጥሪያቸው «ሁለት ወፍራም ሴቶች፣ ሰማንያ ስምንት!» አሉበት።

«አይደለም። ይቸኩላል።»

ሁለተኛውን «ይኼ የለንደን ሰው ነው» ብለው መለሱት። ሦስተኛውንማ ገና ሳይሰካ ነው ያባረሩት። «እባክዎ የእርስዎን ከፍተን እንየው» ብል፣ «ደህናውን ሰው ሆዱን ይከፍቱታል?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አንጨረጨሩን።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ቢንጎው ሞቅ ባለበት የዊልፍ ኦልድሮይድ ጸጥ አለ። ቢንጎ የሚጫወቱት አሮጊቶች እስክሪብቷቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ዊልፍ ሳጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ሰጡኝ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። አንተ ፍታው።»

ፈታሁት። ትራንስፎርመሩ የአሮጌ ሬዲዮ ነው። ሽቦው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነው። አንዱ ክፍል በብስኩት ጣሳ ቆርቆሮ ተይዟል። ፊት ለፊት ከተለጠፈው ስም በቀር የክላረንስ የሚባል ነገር የለበትም። ቀና ስል ዊልፍ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«አንዱ ሲቃጠል አንዱን ስተካ… ምን ላድርግ? ክበቡ ዝም ይበል?»

ያን ሁሉ ካበሳጩኝ በኋላ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። «ለወይዘሮ ኤድና አልናገርም» አልኳቸው።

«እኔ እነግራታለሁ» አሉና ክራባት ፍለጋ ገቡ።

ቤታቸው ስንደርስ ወይዘሮ ኤድና ድንች ይልጣሉ። ዊልፍ ቁጭ አልልም ብለው በቆሙበት ተናዘዙ። «ኤድና፣ የክላረንስ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። የቀረውን የጠጋገንኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ዓመት ሙሉ ያንከራተትኳቸው ከፍተው እንዳያዩብኝ ነው።»

ወይዘሮዋ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ክላረንስ የሠራው እኮ ሦስት ዓመት አይደፍንም ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ጊታር ተጫዋች በሬን እየደበደበ ይመልስልኛል። አርባ ዓመት ሳጥኑን ድምፅ እንዲያወጣ ያደረግከው አንተ ነህ፤ ታዲያ ልጆቹ የማንን ሊቀዱ ነበር?»

እጃቸውን አብሰው ስሙን የሚሰጠንን ወረቀት ፈረሙና ወደ ዊልፍ ገፉት። «አንተም ፈርም። ስሙ የሁለታችሁ ነው።»

ዊልፍ መነጽራቸውን ቢፈልጉ አጡት፤ የእኔን አውልቄ ሰጠኋቸው። ሲጽፉ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ እንዲህ እንደምወዳቸው እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም።